ድሪቶ በካውያ

እዚህ በሳዑዲ ዓረቢያ፣ በአል ኹበር አል-ጀኑቢያ፣ በበጋ ሙቀትም ብርድ ልብስ ያስፈልጋል። ደጁ በባሕሩ ወበቅ ሲታፈን፣ ቤቱ ሌሊቱን ሙሉ በኤሲ ሲቀዘቅዝ ያድራል። ያ ብርድ ልብስ የግድ ከሱቅ መምጣት የለበትም፤ ከእራፊም ይወጣል።

እራፊ ቀጣጥሎ መስፋት በእኛ ዘንድ ድሪቶ ነው፤ ቃሉም የድህነት ስም ሆኖ ቀርቷል። እኔ በዚህ አልስማማም። ቤንጋሎች አሮጌ ሳሪ ደራርበው በእጅ የሚሰፉት ካንታ የሚከበር ጥበብ ነው። በአሜሪካዋ አላባማ፣ ጊስ ቤንድ በምትባል መንደር፣ ጥቁር ሴቶች ከአሮጌ የሥራ ልብስ ጭምር የሰፏቸው ብርድ ልብሶች እ.ኤ.አ. በ2002 በሂውስተን የሥነ ጥበብ ሙዚየም ለእይታ ቀርበዋል።

የእራፊ ሥራ ፈተናው ማስገጠሙ ነው። አንዱ ካሬ ትንሽ ከተንሸራተተ ስህተቱ እየተጠራቀመ ዳሩን ያጣምመዋል። ለዚህ የሚረዳው የሸሚዝ ኮሌታ የሚያጠነክረው፣ ባንድ ወገኑ ሙጫ ያለው ስስ ጨርቅ ነው። ዓረብኛ ተናጋሪ ነጋዴዎች ፋዝሊን ይሉታል። ካሬ መስመር የታተመበት ለዚህ ሥራ የተዘጋጀ አለ፤ ካልተገኘ ተራውን ገዝቶ በእርሳስ ማስመር ይቻላል።

ሻካራው የሙጫ ወገን ወደ ላይ ሆኖ ይነጠፋል። ባለ 2.5 ኢንች ካሬዎች መልካቸው ወደ ላይ ሆኖ በመስመሩ ላይ ጎን ለጎን ይደረደራሉ፤ 12 በ12 ቢሆን 144 ናቸው። እዚህ ላይ አትቸኩሉ። ቀለሙን ራቅ ብላችሁ እዩት፤ ካውያ ከነካው በኋላ መቀያየር ያስቸግራል። ካውያው አይጎተትም፣ እየተነሣ ይጫናል። ከዚያ መልክ ከመልክ ገጥሞ በመስመሩ ይታጠፍና ከእጥፋቱ ሩብ ኢንች ገባ ብሎ ከዳር እስከ ዳር ይሰፋል። 11ዱ መስመሮች ሲያልቁ፣ ስፌቶቹ በሚተላለፉበት ቦታ ሁሉ እጥፋቱ ስፌቱን ሳይነካ በመቀስ ይበጣል፤ አንዱ ወደ ቀኝ፣ ቀጣዩ ወደ ግራ እንዲተኛ። ቀጥሎ ወደ ጎን 11 መስመር ይሰፋል። አንድ በአንድ ሲገጣጠም 143 ስፌት የሚፈጀው በ22 አለቀ ማለት ነው። 30 ኢንች የነበረው ጎንም 24.5 ይሆናል።

ለእኛ ግን ትልቁ ጥቅሙ ሌላ ነው። ከአገር ቤት የመጣ ያረጀ ነጠላ ወይም የሐበሻ ቀሚስ በብዙዎቻችን ሻንጣ ውስጥ አለ። ሸማ ሲቆረጥ ይተረተራል፣ ሲሰፋ ይሳባል፤ ስለዚህ መቀስ ለማንሣት እንፈራለን። ሙጫው ድሩንና ማጉን ባሉበት ይይዛቸዋል። አስቀድማችሁ እጠቡት፣ በስታርች አጠንክራችሁ ቁረጡት፣ ወዲያው በሙጫው ላይ አሳርፉት። የጥለቱ ጌጥ መሀል ይግባ፤ በየዳሩ ሩብ ኢንች በስፌት ይዋጣል። የሚያብረቀርቅ ክር ካለበት፣ በላዩ ስስ ጨርቅ ጣል አድርጋችሁ ተኩሱት።

ከቶብና ከዓባያ ሰፊዎች የሚገኘው እራፊ በብዛት ፖሊስተር ነው፤ በጋለ ካውያ ይኮማተራል። ለጀማሪ የጥጥ እራፊ ይሻላል። ፋዝሊኑም ስሱ ይሁን፤ ወፍራሙ ለቦርሳ እንጂ ለሚለበስ አይመችም። በመጨረሻ ከሥሩ ስስ የጥጥ ሙሌትና ገበር ይገባል፤ ሦስቱም በስፌት ይያያዛሉ።

የተቀደደውን ነጠላ አትጣሉት። ጥለቱ ብቻ እንኳ ለጥቂት ካሬ ይበቃል።