ያውቁ ኖሯል? የቡናማው ቀለም ጉድ!

ጥሬ ቡና አሽትተው ያውቃሉ? የቡና ሽታ የለውም! ያ ጎረቤት የሚጠራ መዓዛ የሚወለደው ምጣዱ ላይ ነው። በተቆላ ቡና ውስጥ ከ800 በላይ መዓዛ ሰጪ ውህዶች ተገኝተዋል!

የዳቦ ቅርፊት፣ የጥብስ ቅላት፣ ቆሎ፣ በሶ፣ የጠላው አሻሮ... ሁሉም የአንድ ኬሚስትሪ ልጆች ናቸው! ስኳርና አሚኖ አሲድ በእሳት ይገናኛሉ፤ አለቀ!

ስሙ የማያር ለውጥ ይባላል። ፈረንሳዊው ሉዊ ካሚይ ማያር እ.ኤ.አ. በ1912 ይፋ ሲያደርገው የሚያሳስበው ወጥ ቤት አልነበረም፤ ሰውነታችን ፕሮቲን እንዴት እንደሚሠራ ነበር! የለውጡን ደረጃዎች አንድ በአንድ ያስቀመጠው አሜሪካዊው ኬሚስት ጆን ሆጅ የመጣው ከ41 ዓመት በኋላ ነው።

ቅቅል እንደ ጥብስ የማይቀላው ለምን ይመስልዎታል? ለውጡ የሚፈጥነው ከ140 ዲግሪ ገደማ ጀምሮ ነው። ውኃ ደግሞ አዲስ አበባ ላይ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል! ሥጋዎ ውኃ ከቋጠረ ጥብሱ ቅቅል ይሆንብዎታል።

እሳት የግድ ነው ብለው ይሆናል። አይደለም! ይህን ሲያነቡ ያው ለውጥ በደምዎ ውስጥ እየተካሄደ ነው! ስኳር ከሄሞግሎቢን ጋር ቀስ እያለ ይጣበቃል። የስኳር ሕሙማን የሦስት ወር አማካይ የሚሉት ምርመራ የሚለካው ይህንኑ ነው። ቀይ የደም ሴል 120 ቀን ገደማ ይኖራል፤ የበሉትን አይረሳም! በቀጠሮ ሰሞን ብቻ ጣፋጭ የምትተዉ፣ ይቅርታ፣ ተነቅቶባችኋል!

ፀሐይ ሳይነካቸው ቆዳቸውን የሚያጠይሙ ፈረንጆች የሚቀቡት ክሬምስ? ውስጡ ያለው ስኳር ከላይኛው የሞተ ቆዳ ጋር ይዋሃዳል። ዳቦ እንደሚቀላ ማለት ነው!

አሁን ወደ ስዊድን! እ.ኤ.አ. በ1997 በሃላንድሶስ የባቡር ዋሻ ሲቆፈር፣ ስንጥቅ ለመድፈን የተረጨ ኬሚካል ወደ ወንዝ ገባ። ዓሦች አለቁ! ላሞች ሽባ ሆኑ! መርዙ አክሪላማይድ ነበር። የሠራተኞቹ ደም ተመረመረ፤ ለማነጻጸሪያ ደግሞ ዋሻውን አይተው የማያውቁ ሰዎች ደም ተወሰደ። እነሱም ውስጥ አክሪላማይድ ተገኘ! ከየት መጣ? እ.ኤ.አ. በ2002 መልሱ ታወቀ፤ ከተጠበሰ ድንች፣ ከብስኩት፣ ከዳቦ ቅርፊት! የሚፈጥረውም ያው የማያር ለውጥ ነው!

አክሪላማይድ አይጦች ላይ ካንሰር አምጥቷል። በምግብ መልክ ሲገባ ሰው ላይ የሚያደርሰው ጉዳት ግን እስከ ዛሬ ያከራክራል።

ጥሬ ድንች ፍሪጅ ውስጥ ያስቀምጣሉ? ብርዱ ስታርቹን ወደ ስኳር ይለውጠዋል፤ ሲጠበስ አክሪላማይዱ ሊጨምር ይችላል! የተቀቀለ ድንችስ? ምንም አይፈጥርም!

ቡና ላይ ነገሩ ተገላቢጦሽ ነው! አክሪላማይድ የሚበዛው ገና መቆላት ሲጀምር ነው፤ ጠቆር እያለ ሲሄድ ይቀንሳል። ይህን ያሰበ ማን አለ!

የተቆረጠ አቮካዶና ሙዝ መጥቆርስ? ያ ሌላ ነው፣ የኢንዛይም ሥራ! ሎሚ ጠብ ያድርጉበት፤ ይዘገያል።

ድንች ሊጠብሱ ነው? ቆራርጠው ለግማሽ ሰዓት ውኃ ውስጥ ይዘፍዝፉት፤ ስኳሩ ይወጣል። ከዚያ በደንብ ያድርቁትና ወርቅማ ሲሆን ያውጡት! ከሰል የመሰለውን ግን አይሳሱለት፤ ይጣሉት!