የቤት ሥራው የማን ነው?

በ2017 ዓ.ም. አንድ ምሽት የአራተኛ ክፍል ተማሪ የሆነው ልጃችን ቦርሳውን ገና ከጀርባው ሳያወርድ፣ “እማዬ፣ ቲቸር የምትወዱትን ጥያቄ ራሳችሁ ምረጡ አለችን” ብሎ አበሠረኝ። መምህርቷ ለዚህ ሥራ በሳምንት አንድ ክፍለ ጊዜ ለይተውላቸዋል። ተማሪው ከልቡ ማወቅ የሚፈልገውን ይመርጣል፣ ሰዎችን ይጠይቃል፣ በእጁ ይሠራል፤ በመጨረሻም በክፍል ጓደኞቹ ፊት ቆሞ ያቀርባል።

እኔም ደስ አለኝ፤ ወዲያው ግን ሥራውን ከእጁ ነጠቅሁት። “ስለ ፀሐይና ስለ ፕላኔቶች ሥራ፤ ያምራል” አልኩና ካርቶንና ቀለም ገዝቼ እስከ እኩለ ሌሊት ስቀባ አመሸሁ። ልጄ አጠገቤ እንቅልፍ ወስዶት ነበር። ባለቤቴ ከአገልግሎት ሲመለስ አየኝና፣ “የቤት ሥራው የማን ነው?” አለኝ። ደክሞኝ ስለነበር ተቀየምኩት፤ ሳንነጋገርም ተኛን።

በማግስቱ ቁርስ ላይ ባለቤቴ ልጁን፣ “አንተ የመረጥከው ጥያቄ ምን ነበር?” ብሎ ጠየቀው። ልጁ አንገቱን ደፍቶ፣ “ጓደኞቼ የት ሄዱ? የሚል ነበር” አለ።

ሁለታችንም ዝም አልን። እንደምታውቁት በዚያው ዓመት መጀመሪያ በካዛንቺስ ብዙ ቤቶች ለመልሶ ማልማት ፈርሰው ነዋሪዎቹ ወደ ገላን ጉራና ወደ ሌሎች ሰፈሮች ተዛውረዋል። አብረውት ኳስ የሚጫወቱት ልጆችም ሄደዋል። እኛ ትልልቆቹ ስለ ቤትና ስለ ዕቃ ስናወራ ልጃችን ማዘኑን ልብ አላልንም ነበር።

ካርቶኔን አነሣሁና ጥያቄውን መለስኩለት። ልጁ በሰፊ ወረቀት ላይ የቀድሞውን ሰፈር ካርታ ሣለ፦ ሱቁን፣ ወፍጮ ቤቱን፣ ኳስ ሜዳውን፣ የእያንዳንዱን ጓደኛውን በር። አንድ አባት “ካዛንቺስ” የሚለው ስም ጣሊያኖች በወረራው ዘመን ለመንግሥት ሠራተኞቻቸው ከሠሯቸው የ“ኢንቺስ” ቤቶች እንደመጣ ነገሩት። ባለቤቴም የቅዳሜ ስብሰባውን ወደ ሌላ ቀን አዛውሮ ገላን ጉራ ድረስ ወሰደውና አንዱን ጓደኛውን አገኘው። ፊደሎቹ ተንጋደው ነበር፤ ሲያቀርብ ግን ወረቀቱን አንድ ጊዜ እንኳ አላነበበም።

ውድ አንባቢያን፣ ይህ ዓይነቱ ትምህርት አዲስ አይደለም። አሜሪካዊው የትምህርት ሊቅ ዊልያም ኪልፓትሪክ እ.ኤ.አ. በ1918 ባሳተመው ጽሑፍ፣ ልጅ በሚገባ የሚማረው የራሱን ዓላማ ይዞ በሙሉ ልቡ ሲሠራ መሆኑን አስረድቷል።

ከእኛው ሰፈርም ምስክር አለ። ሠዓሊው አፈወርቅ ተክሌ እ.ኤ.አ. በ1947 የማዕድን ምህንድስና እንዲማሩ ወደ እንግሊዝ አገር ተልከው ነበር። መምህሮቻቸው ግን የሥዕል ተሰጥኦዋቸውን አይተው ወደ ሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት እንዲገቡ አበረታቷቸው። ዛሬ በ1953 ዓ.ም. በተመረቀው የአፍሪካ አዳራሽ የምናየው 150 ካሬ ሜትር ያህል የሚሸፍነው ባለ ቀለም መስታወት የእርሳቸው ሥራ ነው። ያን ጊዜ “ሥዕል እንጀራ አይሆንም” ተብለው ቢመለሱ ኖሮ ምን ያህል በቀረብን! ዘጸአት ምዕራፍ 31 ላይ የምናገኘው የባስልኤል የእጅ ጥበብም ከእግዚአብሔር የተሰጠ ነበር።

እንግዲህ ባልና ሚስት ምን እናድርግ?

1. አስቀድመን እንጠይቅ። “ምን ትሆናለህ?” ከማለት በፊት “ምን ማወቅ ትፈልጋለህ?” እንበል።

2. እንርዳ እንጂ አንሥራ። ቀለም መግዛት፣ ሰው ማገናኘት፣ መንገድ አብሮ መሄድ የእኛ ነው፤ መሣሉና መናገሩ የልጁ ነው። ለማረም ብንቸኩል እንኳ እጃችንን እንሰብስብ።

3. ጊዜያችንን እንስጥ። ብዙ ገንዘብ አያስፈልግም፤ የእኛ ልጅ ያስፈለገው አንድ ወረቀት፣ እርሳስና የአባቱ አንድ ቅዳሜ ነበር።

4. በልጁ ፊት አንጣላ፤ ተቀያይመንም አንደር። እኔ ያን ሌሊት ይቅርታ ብጠይቅ ኖሮ የልጄን ኀዘን አንድ ቀን ቀድሜ በሰማሁ ነበር።

የሳልኳቸው ፕላኔቶች ዛሬም ቁም ሣጥን ላይ አሉ። አልጣልኳቸውም፤ የልጄን ሥራ ልነጥቅ እጄን ስዘረጋ ያስታውሱኛል። ልጄ ደግሞ እሑድ ከሰዓት በኋላ የአባቱን ስልክ ተውሶ ገላን ጉራ ይደውላል።