ፍቺው ከፀደቀ በኋላ ያላችሁ 60 ቀን ነው፤ ደብዳቤ አትጠብቁ

ዛሬም አንዲት እህት ቢሮ መጣች። ለዓመታት በባሏ መሥሪያ ቤት ኢንሹራንስ ስትታከም የኖረች ናት። ፍርድ ቤት ፍቺውን ካፀደቀ ወራት አልፈዋል። የስኳር መድኃኒቷን ልትወስድ ፋርማሲ ስትሄድ ካርድሽ አይሠራም ተባለች። ለምን ቀደም ብላ እንዳልመጣች ስጠይቃት፣ “ዳኛው ኢንሹራንሱ ይቀጥላል ብሏል አሉኝ” አለች። ማን አለሽ? ዘመድ። ይህ ወሬ በየቤተ ክርስቲያኑ ግቢና በየሰርጉ ድግስ ይዞራል፤ ሰው ያለ መድኃኒት እያስቀረ ነው። የምጽፈው አሜሪካ ውስጥ በአሠሪ በኩል ስለሚገኝ ኢንሹራንስ ነው።

1. ፍቺ ሲፀድቅ በትዳር ጓደኛ ሥራ በኩል የነበረው ሽፋን ይቆማል፤ አንዳንዱ በዕለቱ፣ አንዳንዱ በወሩ መጨረሻ። ዳኛ ባልየው ወጪውን እንዲሸፍን ሊያዝ ይችላል። የአሠሪው ኢንሹራንስ የቀድሞዋን ሚስት እንደ ሚስት መዝግቦ እንዲቀጥል ግን በአብዛኛው ሊያስገድድ አይችልም። እንደ ማሳቹሴትስ ያለ የተለየ ሕግ ያለው ግዛት አለ፤ ሜሪላንድ ተቀምጣችሁ በቦስተን ዘመዳችሁ ታሪክ አትመሩ። ልጆች በወላጆቻቸው መፋታት ብቻ ከኢንሹራንስ አይወጡም፤ በአብዛኛው እስከ 26 ዓመታቸው ይቆያሉ።

2. ኮብራ። አሠሪው 20 ወይም ከዚያ በላይ ሠራተኛ ካለው፣ በፍቺ ሽፋን ያጣ ሰው በዚያው ኢንሹራንስ እስከ 36 ወር መቆየት ይችላል። 18 ወር የሚሏችሁ ሥራ የለቀቀውን ሰው ነው። ውድ ነው፤ አሠሪው ሲከፍል የነበረው ድርሻም ወደ እናንተ ዞሮ እስከ 102 በመቶ ትከፍላላችሁ።

3. ማሳወቅ። ሰው ሁሉ የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው።

ሠራተኛ ሥራ ሲለቅ አሠሪው ያውቃል፤ ለኢንሹራንሱም የሚያሳውቀው እሱ ነው። ፍቺን ግን ማንም አይነግረውም። ስለዚህ ሕጉ የማሳወቁን ግዴታ በተፋቱት ሰዎች ላይ ጥሎታል። አብዛኛው ኢንሹራንስ የሚሰጠው ጊዜ 60 ቀን ነው፤ ካለፈ የ36 ወሩ መብት አብሮ ይሄዳል። “እሱ ይነግራል” ብላችሁ አትቀመጡ። ተኳርፎ የተለያየ ሰው አይነግርም፤ ቢነግርም መቼ እንደነገረ አታውቁም። እናንተው ራሳችሁ ማሳወቅ ትችላላችሁ፤ የማንም ፈቃድ አያስፈልጋችሁም።

ከተነገረ በኋላ የኢንሹራንሱ አስተዳዳሪ በ14 ቀን ውስጥ የምርጫ ደብዳቤ መላክ አለበት። ወዴት? በመዝገቡ ወዳለው የመጨረሻ አድራሻ። ያ አድራሻ ደግሞ ጥላችሁት የወጣችሁት ቤት ነው! ሕጉ በአብዛኛው የሚጠይቀው በአግባቡ መላኩን ነው፤ እጃችሁ መግባቱን ማረጋገጥ ግዴታው አይደለም። ለመምረጥ ሌላ 60 ቀን አለ፤ እሱም ፖስታው በቀድሞው ባል ጠረጴዛ ላይ እያለ ያልቃል። እኔ ይህን ደጋግሜ አይቻለሁ፤ ባየሁት ቁጥርም ያቃጥለኛል። ለፍቺ ጠበቃ ብዙ ሺህ ዶላር ተከፍሎ ቤቱ፣ መኪናው፣ የጡረታው ገንዘብ ሲከፋፈል፣ ስለ 60 ቀኑ አንድ መስመር የሚጽፍ ለምን ይጠፋል? ኤች አር ኢንሹራንሱ ጋ ደውሉ ይላል፤ ኢንሹራንሱ ኤች አር ጋ ደውሉ ይላል። በመካከል ቀኑ ይሄዳል።

ሽማግሌ ፊት መለያየት ወይም ቤት ለይቶ መኖር በሕግ ፍቺ እንዳልሆነም እወቁ፤ ቀኑ በዚያ አይቆጠርም። ፍቺው ሳይፀድቅ ባልየው በዓመታዊው ምዝገባ ወቅት ፍቺውን አስቦ ስማችሁን ቢያስወጣስ? ፍቺው ሲፀድቅ የኮብራ መብታችሁ ይነሣል፤ በጊዜው አሳውቁ።

ፍቺውን ደብቆ በድሮው ካርድ መታከምን የሚመክሩ አሉ። እባካችሁ! ሲታወቅ ሽፋኑ ወደኋላ ተመልሶ ሊሰረዝና የተከፈለው የሕክምና ወጪ ሊጠየቅ ይችላል።

ኮብራ ካልቻላችሁ ኦባማ ኬር አለ፤ ዲሲ ነዋሪ ከሆናችሁ በዲሲ ሄልዝ ሊንክ፣ ሜሪላንድ ከሆናችሁ በሜሪላንድ ሄልዝ ኮኔክሽን። ሽፋን ካጣችሁበት ቀን ጀምሮ 60 ቀን ነው። ኮብራ ከጀመራችሁ በኋላ ውድ ሆነብኝ ብላችሁ በፈቃዳችሁ ብታቆሙት፣ ይህ ብቻውን ልዩ ምዝገባ አይከፍትላችሁም፤ ኖቬምበር 1 የሚጀምረውን መደበኛ ምዝገባ መጠበቅ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ሁለቱን አወዳድሩ። ገቢው ዝቅ ላለ ሰው ሜዲኬይድ ዓመቱን ሙሉ ክፍት ነው፤ ከፍቺ በኋላ የእሱ ደመወዝ ከእናንተ ጋር ስለማይቆጠር ድሮ ያልተፈቀደላችሁ አሁን ሊፈቀድ ይችላል። ዛሬ የመጣችውን እህትም ያስመዘገብኳት በዚሁ ነው።

እናቶቻችን ደግሞ፦ 65 ሲሞላችሁ ኮብራ አለኝ ብላችሁ የሜዲኬር ፓርት ቢ ምዝገባን አታሳልፉ። ኮብራ እንደ ሥራ ኢንሹራንስ አይቆጠርም፤ የዘገያችሁበት እያንዳንዱ 12 ወር በየወሩ ክፍያ ላይ 10 በመቶ ይጨምራል። ትዳሩ 10 ዓመት ከቆየና ሌላ ካላገባችሁ፣ በቀድሞው ባል የሥራ ዘመን ፓርት ኤን በነፃ ልታገኙ ትችላላችሁ።

የፌዴራል መንግሥት ሠራተኛ ባል ወይም ሚስት ከሆነ ሕጉ ሌላ ነው፦ 31 ቀን ያለ ክፍያ ይራዘማል፣ ከዚያ እስከ 36 ወር በክፍያ፤ የማሳወቂያው 60 ቀን ግን እዚያም አለ።

ለኤች አርም ለኢንሹራንሱ አስተዳዳሪም በጽሑፍ ላኩ፤ ፍቺው የፀደቀበትን ቀን፣ የውሳኔውን ቅጂና አዲሱን አድራሻችሁን አያይዙ። በሰርቲፋይድ ሜይል ይሁን፤ ደረሰኙን አትጣሉ።