ወጣትነት ለልብ ዋስ አይሆንም



ዛሬ የምንነጋገርበት ጉዳይ ድንገተኛ የልብ ሕመም ነው። ይህን በሽታ ብዙ ሰው የሽማግሌዎችና የባለጸጎች ሕመም አድርጎ ይገምተዋል። ስለዚህም ገና በሠላሳዎቹና በአርባዎቹ ዕድሜ የሚገኝ ሠራተኛ ደረቱን ጨምድዶ ሲይዘው፥ «ጨጓራዬ ነው፤ ወይም ብርድ መትቶኝ ይሆናል» ብሎ ትኩስ ነገር ጠጥቶ ይተኛል። ይህ ግምት ሕይወትን የሚያሳጣ ስለሆነ፥ በሽታው ከምን እንደሚነሣና እንዴት እንደሚከላከሉት በዝርዝር እንመልከት።

ልብ ደምን ወደ ሰውነት ሁሉ የሚገፋ ጡንቻ መሆኑን በትምህርት ቤት ተምረናል። ይሁን እንጂ ልብ ራሱ ምግቡን የሚያገኘው በውስጡ ከሚያልፈው ደም ሳይሆን፥ በላዩ ላይ እንደ አክሊል ከተጠመጠሙት ቀጫጭን የደም ሥሮች ነው። በእነዚህ ሥሮች የውስጥ ግድግዳ ላይ ኮሌስትሮል የሚባለው ስብ በየጊዜው እየተጠራቀመ ይጋገራል። ይህ ግግር አንድ ቀን ሲሰነጠቅ በላዩ ደም ይረጋና መተላለፊያውን ይዘጋዋል። ያን ጊዜ ከተዘጋው ሥር ደም ይደርሰው የነበረው የልብ ክፍል ኦክሲጅን አጥቶ መሞት ይጀምራል። ድንገተኛ የልብ ሕመም የምንለው ይህንኑ ነው።

እንግዲህ ሕመሙ ድንገተኛ ይባል እንጂ ዝግጅቱ የብዙ ዓመት መሆኑን ማስተዋል ይገባል። ለዚህም ግልጽ ማስረጃ የተገኘው የአገራችን የቃኘው ሻለቃ ጭምር ከተሰለፈበት ከኮሪያ ጦርነት ነው። የአሜሪካ ጦር ሐኪሞች በጦርነቱ የወደቁትን የ300 አሜሪካውያን ወታደሮች ልብ መርምረው ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ1953 ዓ.ም. አሳተሙ። የሟቾቹ አማካይ ዕድሜ 22 ዓመት ገደማ ሲሆን፥ ከመቶ 77 በሚሆኑት ላይ የልብ ደም ሥር መበላሸት ምልክት ተገኘ። እነዚህ ሰዎች ለውትድርና ተመርምረው ጤነኞች ናቸው የተባሉ ወጣቶች ነበሩ። በሽታው ሥር የሚሰደው ባለቤቱ ምንም ሳይሰማው በወጣትነቱ ዘመን መሆኑን ከዚህ እንረዳለን።

በዚያው በ1953 ዓ.ም. ጄሪ ሞሪስ የተባሉት እንግሊዛዊ ሐኪምና ባልደረቦቻቸው ስለ ለንደን ከተማ አውቶቡስ ሠራተኞች ያደረጉትን ጥናት አወጡ። ቀኑን ሙሉ ተቀምጠው ከሚውሉት ነጂዎች ይልቅ፥ በባለ ሁለት ፎቁ አውቶቡስ ደረጃ ሲወጡና ሲወርዱ የሚውሉት ቲኬት ቆራጮች በልብ ሕመም የሚጠቁት በጥቂቱ ሆኖ ተገኘ። እንዲሁም በእግርና በብስክሌት ደብዳቤ የሚያድሉት የፖስታ ሠራተኞች ከወንበራቸው ከማይነሡት የመንግሥት ጸሐፊዎች የተሻለ ጤና ነበራቸው። ከዚያ ወዲህ የተደረጉት ብዙ ጥናቶች ይህንኑ አጽንተዋል። ጠዋት በመኪና መጥቶ፥ እስከ ማታ ከፋይልና ከኮምፒውተር ፊት ተቀምጦ፥ በመኪና ወደ ቤቱ የሚመለስ ሠራተኛ ይህን ነገር ለራሱ ሊያስብበት ይገባል።

በ52 አገሮች ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2004 ዓ.ም. የታተመ ታላቅ ጥናት፥ ለልብ ሕመም ከሚያጋልጡት ነገሮች መካከል ከመቶ 90 የሚሆነውን ድርሻ የያዙት ዘጠኝ የታወቁ ምክንያቶች መሆናቸውን አስረድቷል። ከእነርሱም ዋና ዋናዎቹ ሲጋራ ማጨስ፥ የኮሌስትሮል መዛባት፥ የደም ግፊት፥ የስኳር በሽታ፥ የሆድ መወፈርና የመንፈስ ጭንቀት ናቸው። በተለይም የሲጋራ ጉዳት ከሽማግሌው ይልቅ በወጣቱ ልብ ላይ ይበረታል። በአገራችን ደግሞ ጫትን መርሳት አይገባም። በውስጡ ያለው ካቲኖን የተባለው ንጥረ ነገር የልብን ምት ያፋጥናል፤ የደምንም ግፊት ከፍ ያደርጋል። ጫትና ሲጋራ አንድ ላይ ሲሆኑ በልብ ላይ የሚጫነው ሸክም እጥፍ ድርብ ነው።

መከላከያው ከዚሁ የሚገኝ ነው። ሲጋራን የተወ ሰው በአንድ ዓመት ጊዜ ውስጥ ከሲጋራ የመጣበት አደጋ በግማሽ ያህል ይቀንስለታል። በሳምንት 150 ደቂቃ ያህል ፈጠን ብሎ መራመድ ለልብ ታላቅ ጥቅም አለው፤ ይህም ሁለት ፌርማታ ቀድሞ ወርዶ በእግር በመሄድ ሊገኝ ይችላል። ጨው በቀን ከ5 ግራም፥ ማለትም ከአንድ የሻይ ማንኪያ፥ እንዳያልፍ ያስፈልጋል። ቅቤና ጮማ ሲቀነስ፥ ምስር፥ ሽሮና ጎመን ሲበዛ ልብ ይጠቀማል። የደም ግፊት 140 በ90 ደርሶም እንኳ ብዙ ጊዜ ምንም ስለማይሰማ፥ በየዓመቱ ማስለካት ይገባል። አባቱ ወይም ወንድሙ ከ55 ዓመት በፊት፥ እናቱ ወይም እኅቱ ከ65 ዓመት በፊት በልብ ሕመም የተያዙበት ሰው ከሌላው ቀድሞ መመርመር አለበት።

በመጨረሻም ምልክቱን እንወቅ። በደረት መካከል የሚጫን ወይም የሚጨመድድ ሕመም፥ ወደ ግራ ክንድ፥ ወደ አንገት ወይም ወደ መንጋጋ መዛመት፥ ቀዝቃዛ ላብ፥ የትንፋሽ ማጠርና ማቅለሽለሽ ዋነኞቹ ናቸው። በሴቶች ላይ ያለ ብርቱ ሕመም በድካምና በትንፋሽ ማጠር ብቻ ሊገለጥ ይችላል። እንዲህ ያለው ሕመም ከጥቂት ደቂቃዎች በላይ ከቆየ ጊዜ ማባከን አይገባም። በሽተኛው ራሱ መኪና ሳይነዳ፥ ሰው አጅቦት ወይም አምቡላንስ ተጠርቶ ወዲያውኑ ወደ ሆስፒታል ይሂድ። የረጋውን ደም የሚያሟሟው መድኃኒት ከሁሉ ይልቅ የሚጠቅመው በመጀመሪያዎቹ ሰዓቶች ነውና፥ «እስኪነጋ ልጠብቅ» ማለት የልብን ሥጋ እያዩ ማስሞት ነው። ሆስፒታል ደርሶ ሕመሙ ጨጓራ ሆኖ ቢገኝ ማንም አያፍርበትም፤ ልብ ሆኖ ሳለ ጨጓራ ነው ብሎ ቤት መቅረት ግን መመለሻ የሌለው ስሕተት ነው።