የአያት ጎራዴ፦ እጀታው የዝሆን ጥርስ ነው ወይስ አጥንት?



ባለፈው ዓመት ለዘመድ ጥየቃ እብናት በሄድኩበት ጊዜ አንድ የሰፈራችን አባት በነጠላ የተጠቀለለ ጎራዴ ይዘውልኝ መጡ። «ልጄ፣ አንተ የተማርክ ነህ፤ እስቲ ይኸን እየው» አሉኝ። ከአያታቸው የወረሱት ነው። አንድ ገዥ እጀታው የዝሆን ጥርስ ነው ብሎ ብዙ ብር ሊሰጣቸው ቃል ገብቷል። ሌላ ሰው ደግሞ «በጋለ መርፌ ወግተው ይፈትሹት» ብሏቸዋል። አልሐምዱሊላህ፣ መርፌው ገና እሳት አልነካም ነበር።

በአካባቢያችን እንዲህ ያለ ዕቃ መገኘቱ አይገርምም። ደቡብ ጎንደር የነጋዴ መተላለፊያ ነበር። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ከጎጃም ባሶ ገበያ የተነሳው ሲራራ ነጋዴ በይፋግና በደሪጣ አልፎ ጎንደር ይገባ ነበር፤ ከዚያም ወደ ምጽዋ ወይም ወደ መተማ ይቀጥላል። የደሪጣና የጎንደር አዲስ ዓለም ሙስሊም ነጋዴዎች ወርቅ፣ ዝባድና የዝሆን ጥርስ በዚህ መንገድ አመላልሰዋል። ሆኖም የዝሆን ጥርሱ አብዛኛው ወደ ውጭ የሚሄድ ነበር። የሀገራችን የጎራዴና የሾተል እጀታ በብዛት የሚሠራው ከቀንድ ነው፤ የባላባቱ ከአውራሪስ፣ የሌላው ከጎሽ፣ ከበሬ ወይም ከእንጨት። ስለዚህ «የዝሆን ጥርስ ነው» የሚል ሰው ሲመጣ መጀመሪያ መጠራጠር ይሻላል።

ለመለየት አጉሊ መነጽርና የፀሐይ ብርሃን ይበቃል። የሚታየው ጎኑ ሳይሆን የእጀታው ጫፍ፣ ማለትም አግድም የተቆረጠበት ቦታ ነው። የዝሆን ጥርስ ከሆነ ቀጫጭን መስመሮች እርስ በርስ እየተቋረጡ እንደ ወንፊት ወይም እንደ ሰፌድ ሽመና ይታያሉ። ይህ በሌላ ነገር ላይ በቀላሉ አይገኝም። አጥንት ከሆነ ጥቃቅን ጥቁር ነጠብጣቦች፣ በጎኑ ደግሞ አጫጭር ጭረቶች አሉት፤ ደም ያለፈባቸው ቀዳዳዎች ናቸው። የአውራሪስ ቀንድ ውስጡ ድፍን ነው፤ የተቆረጠ ብሩሽ ይመስል የፀጉር ጭራ ተጣብቆ ይታያል፤ ለብርሃን ሲያቀርቡት ጠርዙ እንደ ማር ያበራል። የበሬ ቀንድ ግን በተፈጥሮው ክፍት ነው፤ ሲያረጅም እንደ ሽንኩርት ልጣጭ በንብርብር ይነሳል። ፕላስቲክ ምንም ጉድለት የሌለበት፣ መስመሩም ከዳር እስከ ዳር እኩል ነው። የጋለው መርፌ ፕላስቲክን ያቀልጣል፣ እውነት ነው። እውነተኛውን ግን ለዘላለም ያጠቁረዋል።

ስለቱስ? ብዙ አሮጌ ጎራዴዎች እጀታቸው የሀገር ውስጥ፣ ብረታቸው ግን የፈረንጅ ነው። በተለይ ከአፄ ምኒልክ ዘመን ጀምሮ የጀርመኗ ዞሊንገን ከተማ ስለቶች አንበሳና የግዕዝ ፊደል ተቀርጾባቸው ይገቡ ነበር። ስለዚህ የውጭ ማኅተም ማየት «የውሸት ነው» አያሰኝም። ይልቅ እጀታው፣ ብረቱና አፎቱ አብረው ያረጁ መሆናቸውን ይመልከቱ። እጅ የሚይዝበት ቦታ ለስልሶ ጫፉ ሻካራ ከሆነ ደህና ምልክት ነው። ሁሉም እኩል ቢጫ ከሆነ በሻይ ወይም በቀለም የተነከረ ሊሆን ይችላል። ደግሞ እባካችሁ፣ ዝገቱን በአሸዋ ወረቀት አትፈግፍጉት! ጽሑፉ አብሮ ይሄዳል።

ይህ የኛ ብቻ ጉዳይ አይደለም። የኢንዶኔዢያ ሙስሊሞች ክሪስ የሚሉት ሞገደኛ ጩቤ አላቸው፤ የአንዳንዱ እጀታ በዝሆን ጥርስ የተቀረጸ ነው፤ ዩኔስኮም በ2008 እ.ኤ.አ. በቅርስነት መዝግቦታል። የየመን ጃንቢያ ደግሞ የአውራሪስ ቀንድ ስለሚፈልግ የአፍሪካን አውራሪስ ብዙ ጎድቷል፤ የመን ቀንዱ እንዳይገባ የከለከለችው በ1982 እ.ኤ.አ. ነው።

ከዲን አንጻር የሚጠይቁ አሉ። ሐነፊዮች የዝሆን ጥርስንና ቀንድን ንጹሕ ያደርጋሉ፤ በሻፊዒዮች ዘንድ የታወቀው ግን ነጃሳ ነው የሚለው ነው። ወላሁ አዕለም። የዕቃን ዓይብ ደብቆ መሸጥ ግን ማንም ዘንድ ሐላል አይደለም፤ አጥንትን የዝሆን ጥርስ ብሎ መሸጥ ከዚህ ይገባል።

በሕግ በኩል ነገሩ ይከብዳል። የዝሆን ጥርስና የአውራሪስ ቀንድ ዓለም አቀፍ ንግድ ክልክል ነው። መንግሥት በመጋቢት 2007 ዓ.ም. ከ6 ቶን በላይ የዝሆን ጥርስ አዲስ አበባ ላይ ማቃጠሉን ብዙዎቻችሁ ታስታውሳላችሁ። የቅርስ አዋጁ ቁጥር 209/1992ም ቅርስ እንዲመዘገብና ያለ ፈቃድ ከሀገር እንዳይወጣ ያዝዛል። «የአያቴ ነው» ማለት አያስመልጥም። ስለዚህ ከገዥ በፊት የወረዳው ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ይቅደም፤ በየጎኑ ፎቶ አንስቶ፣ ከማን እንደተወረሰ ጽፎ ማስቀመጥም ይጠቅማል። ወረቀት የሌለው ዕቃ ቢሰረቅ የኔ ነው ለማለት ያስቸግራል።

የእኚያን አባት እጀታ ጫፍ በመነጽር ሳየው ጥቁር ነጠብጣብ ሞልቶታል። አጥንት ነው። ነገርኳቸው። ጥቂት ዝም ብለው ቆዩና «ታዲያ አያቴ ውሸት ይዞ ነበር?» አሉኝ። «አይ አባባ፣ አያትዎ አጥንት መሆኑን ያውቁ ነበር፤ የዝሆን ጥርስ ያለው ገዥው ነው» አልኳቸው። ሳቁና መልሰው በነጠላው ጠቀለሉት። በሳምንቱ ወረዳ ሄደው አስመዘገቡት፤ ገዥውም ሁለተኛ አልመጣም።