ጥብቅ ሥፍራ በራሱ ገቢ ስለሚጠበቅበት መንገድ

ዱርንና አራዊትን ለመጠበቅ አንድን ሥፍራ መከለል በአጭር ጊዜ የሚፈጸም ሥራ ነው፤ ጠባቂውን ከዓመት እስከ ዓመት በሥራው ላይ ማቆየት ግን እጅግ ከባድ ነው። ብዙ ጊዜ በርዳታ በተገኘ ገንዘብ ቤት ይሠራል፤ ዘበኛም ይቀጠራል። ርዳታው ባለቀ ጊዜ የዘበኛው ደመወዝ ይቋረጣል፤ ወዲያውም መጥረቢያና መንጋ ወደ ዱሩ ይገባል። የጥፋቱ ምክንያት የአንድ ጊዜ ገንዘብ ለየዓመቱ ወጪ መመደቡ ነው።

ለዚህ ነገር በመንዝ የሚገኘው ጓሳ መልካም ምሳሌ ይሆናል። ይህ ከፍታው ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር የሚደርስ ደጋ የቀይ ቀበሮና የጭላዳ መኖሪያ ነው። የአገሩ ሰዎች ለብዙ መቶ ዓመታት ቄሮ በተባለው ሥርዓት ሲጠብቁት ኖረዋል። በሥርዓቱም ሣሩ እስከ ሦስትና አምስት ዓመት ድረስ ተዘግቶ ከቆየ በኋላ፥ በበጋ ወራት በአለቆቹ ትእዛዝ ይከፈት ነበር። ሣሩ ለቤት ክዳን፥ ለገመድና ለገሳ ስለሚያገለግል፥ ባለድርሻው ሁሉ ጥቅሙን እያየ በጥበቃው ይካፈል ነበር። ስለዚህ ጥበቃው ከሌላ ገንዘብ ሳይጠይቅ ሥፍራው በሚያፈራው ይኖር ነበር። በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ በታወጀ ጊዜ ሥርዓቱ ፈረሰ፤ በኋላ ግን ሕዝቡ በኮሚቴ ተደራጅቶ ጥበቃውን አደሰ፤ ከጎብኝዎችም ገቢ ማግኘት ጀመረ።

ይሁን እንጂ የጎብኝ ገንዘብ ብቻውን አያስተማምንም። በ2012 ዓ.ም. የኮሮና በሽታ በተስፋፋ ጊዜ የጎብኝ እግር በዓለም ሁሉ ተቋርጦ ነበር። ገቢው ስለጎደለም ሣሩን ያለ ወራቱ አጭዶ መሸጥ የዘር እህልን እንደ መብላት ነው።

ስለዚህ ሹማምንት የሚከተለውን ማስተዋል ይገባቸዋል። አንደኛ፥ ርዳታ ለቤትና ለመንገድ መሥሪያ ይዋል፤ የጠባቂው ደመወዝ ግን በየዓመቱ ከሚገኘው ገቢ ይከፈል። ሁለተኛ፥ ገቢው አስቀድሞ ይከፈል፤ ለምሳሌ ከ100 ብር 50ው ለጠባቂዎች፥ 20ው ለእድሳት፥ 20ው ለክፉ ቀን፥ 10ሩ ለአካባቢው ሕዝብ ጥቅም ሊውል ይችላል። የክፉ ቀን ገንዘብም የአንድ ዓመት ደመወዝ እስኪሞላ ድረስ አይነካ። ሦስተኛ፥ አዲስ ቤት ከመሠራቱ በፊት የየዓመቱ ማደሻ ከየት እንደሚገኝ ይታወቅ። አራተኛ፥ ገቢና ወጪ በመዝገብ ተጽፎ በዓመት ሁለት ጊዜ በሕዝብ ፊት ይነበብ።

በዱሩ ዳርቻ የሚኖረው ሰው ድርሻውን በዓይኑ ካላየ፥ ጠባቂ ቢበዛም ዱሩ አይጠበቅም። ድርሻውን ካየ ግን እርሱ ራሱ ያለ ደመወዝ ጠባቂ ይሆናል።