ከስክሪኑ ወዲያ ያለው ሰው፦ የቻይና ሕፃናትና የበይነ መረብ እንግሊዝኛ

ቻይና የእንግሊዝኛ ትምህርት ከ3ኛ ክፍል ጀምሮ እንዲሰጥ እ.ኤ.አ. በ2001 ከወሰነች ወዲህ (ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)፣ አቅም ያላቸው የከተማ ወላጆች ልጃቸው ትምህርት ቤት ከመግባቱ አስቀድሞ ቋንቋውን ካልጀመረ ከእኩዮቹ ወደ ኋላ የሚቀር እየመሰላቸው አስጠኚ መፈለጉን ተያያዙት። በ2013 ቤጂንግ ውስጥ የተመሠረተው ቪፕኪድ የተባለ ኩባንያ ይህንኑ ስጋት ተንተርሶ የተነሣ ሲሆን፣ ከ4 ዓመት ጀምሮ ያሉ ሕፃናትን በአሜሪካና በካናዳ በየቤታቸው ከተቀመጡ መምህራን ጋር በቪዲዮ ጥሪ አንድ ለአንድ እያገናኘ 25 ደቂቃ የሚፈጅ ትምህርት ይሸጥ ነበር። የቤጂንጉ ሕፃን እራቱን በልቶ ከምሽቱ 1 ሰዓት ላይ ማዳመጫውን ሲያጠልቅ በብርዱ ወራት ኒውዮርክ ገና ከንጋቱ 12 ሰዓት ስለሚሆን፣ ተማሪው ሊተኛ ሲል፣ መምህርቷ ደግሞ ከእንቅልፏ እንደተነሣች ይገናኙ ነበር።

አብዛኞቹ መምህራን ቻይንኛ ስለማይችሉ፣ መግባባቱ ያረፈው ጄምስ አሸር የተባለው አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ምሁር በ1960ዎቹ ባስተዋወቀው ስልት ላይ ነበር፤ ይህም ተማሪው ቃሉን ከመናገሩ በፊት ትርጉሙን በአካል እንቅስቃሴ እንዲይዘው የሚያደርግ ነው። መዳፍ ወደ ጆሮ ከተጠጋ ስማ፣ ጣት ወደ አፍ ካመለከተ ተናገር ማለት ሲሆን፣ ሕፃኑ በሥዕሉ ላይ ያለውን ድመት በማውዝ ሲከብበው መስመሩ መምህርቷም ዘንድ ወዲያው ይታይ፣ ሲመልስም ኮከብ ይሸለም ነበር። ከካሜራው ውጭ የተቀመጠች እናት ወይም አያት መልሱን በሹክሹክታ ማቀበሏም የተለመደ ነበር፤ ገንዘቡን የከፈለ ወላጅ ዝም ያለ ልጅ መታገሥ ይከብደዋልና። ሆኖም የቋንቋ ትምህርት አጥኚዎች የዝምታ ወቅት የሚሉት፣ ልጁ መናገር ሳይጀምር እየሰማ የሚያጠራቅምበት ጊዜ ስላለ፣ በሹክሹክታ የተገኘ መልስ ልጁ ምን እንደገባው ከመደበቅ በቀር ብዙም አይፈይድም።

ሕፃን በስክሪን በኩል ቋንቋ ይማራል ወይ ለሚለው ጥያቄ በ2003 የታተመው የፓትሪሺያ ኩልና የባልደረቦቿ ጥናት ከባድ ምላሽ ሰጥቷል። የ9 ወር አሜሪካውያን ሕፃናት 12 ጊዜ፣ በየጊዜውም 25 ደቂቃ ያህል፣ ቻይንኛ እንዲሰሙ ሲደረግ፣ በአካል ከተገኘ ሰው የሰሙት የቋንቋውን ድምፆች መለየት ሲችሉ፣ ያንኑ በቪዲዮ የተመለከቱት ግን አልቻሉም። ነገሩ በዚህ ቢያበቃ የበይነ መረቡ ንግድ ሁሉ ከንቱ በሆነ ነበር፤ ነገር ግን ሳራ ሮዝቤሪ፣ ካቲ ሂርሽ-ፓሴክና ሮበርታ ጎሊንኮፍ በ2014 ባወጡት ጥናት፣ ከ24 እስከ 30 ወር ዕድሜ ያላቸው ልጆች አዲስ ግሥ በቀጥታ የቪዲዮ ጥሪ ሲማሩ፣ ከሌላ ልጅ ጋር የተደረገውን ንግግር በቅጂ ያዩት ግን ሳይማሩ ቀርተዋል። ስለዚህ ልዩነቱ የሚመጣው ልጁ ሲጠይቅ፣ ሲስቅ ወይም ሲዘናጋ በዚያው ቅጽበት ከሚመልስለት ሰው መኖር እንጂ ከስክሪኑ እንዳልሆነ መገመት ይቻላል።

የቻይና መንግሥት በሐምሌ 2021 ያወጣው፣ የቤት ሥራንና የግል ጥናትን ሸክም ለመቀነስ የታለመው መመሪያ ግን ይህን ልዩነት አላየውም። መመሪያው ለትምህርት ላልደረሱ ሕፃናት የበይነ መረብ ሥልጠና መስጠትን ከለከለ፤ ለትልልቆቹም ክፍለ ጊዜው ከ30 ደቂቃ እንዳይበልጥና ከምሽቱ 3 ሰዓት እንዳያልፍ ወሰነ፤ በውጭ አገር የሚኖሩ የውጭ ዜጎችን አሠማርቶ ማስተማርንም አገደ። ዓይንን ከድካም፣ ቤተሰብን ከወጪ ለመታደግ መነሣቱ የሚነቀፍ አይደለም፤ የሚያስተዛዝበው ለትንንሾቹ ልጆች ከሁሉ የሚበጀውን፣ ማለትም በሕይወት ያለ መልስ ሰጪን፣ ከቅጂው ጋር አንድ ላይ መቁጠሩ ነው። ቪፕኪድ በዚያው ዓመት ነሐሴ በውጭ መምህራን የሚሰጠውን ትምህርት ለቻይና ቤተሰቦች መሸጥ ሲያቆም፣ ከፊሊፒንስ መምህራን ጋር ይሠራ የነበረው 51ቶክ ፊቱን ወደ ሌሎች አገሮች ገበያ አዞረ፤ የወላጆቹ ስጋት ግን አብሮ ስላልታገደ፣ ገንዘቡ ትምህርቱ አስቀድሞ ወደተጫነባቸው የመማሪያ ታብሌቶችና ቃል ሲነኩ ወደሚያነብቡ የመዝገበ ቃላት እስክሪብቶዎች ዞሯል።